ሐምሌን የሚያልፍ ሶላር፦ በጎጃም ቤት መብራት በገዛ እጅ ለመዘርጋት

ባለፈው ነሐሴ ቢቸና አጠገብ አጎቴ ቤት አደርኩ። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል። ማታ የበራው ግን ኩራዝ ነው። "ምን ያድርግ፣ ፀሐይ የለች" አለኝ አጎቴ። በማግሥቱ ሳየው ከጣሪያ የወረደው ሽቦ መሃል ላይ ተጠምዝዞ በፌስታል ተጠቅልሏል። ረፋድ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል መጋጠሚያውን ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል። ኮንትሮለሩ (በፓኔሉ፣ በባትሪውና በአምፖሎቹ መካከል ሆኖ ኃይሉን የሚቆጣጠረው ሣጥን) መብራት እየቆረጠ ስላስቸገራቸው አምፖሎቹን ነቅለው በቀጥታ ባትሪው ላይ አስረዋቸዋል። ባትሪውን በቴስተር (በቮልትና አምፔር መለኪያ) ለካሁት፦ 10.4 ቮልት። ከተገዛ ዓመት አልሞላውም፤ አልቆለታል።

እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይቻለሁ። ከደጀን እስከ ዳንግላ ታሪኩ ያው ነው። በጥቅምት ይገዛል፣ እስከ ግንቦት ሲያበራ ይቆያል፣ ሐምሌ ላይ ይሞታል። ባትሪ የሚገድለው ደመናው አይደለም። ሳይቆጥሩ መግዛትና የደከመውን ባትሪ አሁንም መጭመቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው ስሌት ሁሉ የሐምሌና የነሐሴ ነው። በጥርማ የቱም ሶላር ያበራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ የ12 ቮልት ሥርዓት ነው፦ አንድ ፓኔል፣ አንድ ኮንትሮለር፣ አንድ ባትሪ። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮና ለትንሽ ቴሌቪዥን ይበቃል።

ለምጣድ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። እኛ የምንሰቅለው ፓኔል 100 ዋት ነው። ካውያና የውሃ ማፍያም እንደዚያው። "ይጋግራል" ብሎ ትንሽ ሶላር የሚሸጥላችሁ ካለ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ። ለእንጀራው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ይሻላል።

የምትይዙት ዕቃ፦ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሜትር፣ ናስትሮ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ጠንካራ መሰላል። ቴስተር ሳትይዙ አትጀምሩ። ያለ ቴስተር የሚሠራ ሰው በግምት ነው የሚሠራው፤ የግምቱን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ባትሪው ነው።

1. ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና ቤት ውስጥ የሚበራውን ሁሉ ጻፉ። የእያንዳንዱን ዋት በቀን በሚበራበት ሰዓት አባዙ። አንድ የማውቀው ቤት እንዲህ ይወጣል፦

- ሳሎን አምፖል፦ 7 ዋት × 4 ሰዓት = 28
- ማድ ቤት፦ 5 ዋት × 3 ሰዓት = 15
- መኝታ ቤት፦ 3 ዋት × 1 ሰዓት = 3
- በረት፣ ሌሊቱን ሙሉ፦ 3 ዋት × 10 ሰዓት = 30
- ሦስት ስልክ፣ እያንዳንዱ 12 ገደማ = 36
- ሬዲዮ፦ 5 ዋት × 4 ሰዓት = 20
- የ12 ቮልት ቴሌቪዥን፦ 20 ዋት × 3 ሰዓት = 60

ድምሩ 192 ዋት-ሰዓት ነው። በሽቦና በባትሪ የሚባክን ስላለ በ1.3 አባዙት፤ ወደ 250 ይመጣል።

*ፓኔል።* ለክረምት በቀን 3 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ብቻ ያዙ። 250 ለ3 ሲካፈል 83 ነው። ስለዚህ 100 ዋት ግዙ።

*ባትሪ።* ለሁለት ጨለማ ቀን አስቡ፤ 192ቱን 200 በሉት፦ 200 × 2 = 400 ዋት-ሰዓት። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ (ውሃ የሚጨመርበትም ሆነ ጄል) ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ 800 ያስፈልጋል። ለ12 ቮልት ሲካፈል 67 አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ነው፤ የ70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ሊትየም (ሊትየም አይረን ፎስፌት) ከሆነ 40 አምፔር-ሰዓት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በዋጋ ይወደዳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ባትሪው ትልቅ ከሆነ ይሻላል" ብሎ ለ100 ዋት ፓኔል 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይገዛል። ፓኔሉ ያንን ባትሪ በክረምት ፈጽሞ አይሞላውም። ሳይሞላ የሚከርም የእርሳስ ባትሪ ውስጡ ይጠጥርና ይሞታል።

*ኮንትሮለር።* 100 ለ12 ሲካፈል 8.3 አምፔር ነው። 10 አምፔር ይበቃል። በኋላ ፓኔል ለመጨመር ካሰባችሁ 20 ያዙ።

ቁጥሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ከባትሪው ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ቀንሱ። አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን የኤልኢዲ አምፖል በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ጥቀርሻው ብርሃኑን ይውጠዋል። አምፖሉን ጣሪያው ሥር አትስቀሉት፤ እሳቱና እንፋሎቱ በማይደርስበት ጎን፣ ከቆመ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሳሎኑን ኖራ ቀቡት። ግድግዳው ነጭ ሲሆን 5 ዋቱ የ7ቱን ያህል ያበራላችኋል።

2. ሱቅ ውስጥ ፈትሹ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፦

*ፓኔሉን በሜትር ለኩ።* ርዝመትና ወርዱን በሜትር አባዙ፣ ውጤቱን በ200 አባዙ። ፓኔሉ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ዋት ከዚያ ብዙም አይርቅም። 1 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.5 × 200 = 100። በዚህ መጠን ላይ "200 ዋት" የሚል ከተለጠፈ ውሸት ነው።

*ፀሐይ ላይ አውጡት።* ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና የፓኔሉን ሁለት ጫፍ ንኩ። ለ12 ቮልት ባትሪ የሚሆን ፓኔል ከ20 እስከ 22 ቮልት ያሳያል። ከዚያ የቴስተሩን ቀዩን ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰክታችሁ ለጥቂት ሰከንድ እንደገና ንኩ። እኩለ ቀን ላይ በጠራ ሰማይ የ100 ዋት ፓኔል ከ5 አምፔር በላይ ማሳየት አለበት።

ተጠንቀቁ፦ ይህን የአምፔር ልኬት ባትሪ ላይ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ቴስተሩ ይቃጠላል፣ እጃችሁንም ያቃጥላል። ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀዩን ሽቦ ወዲያው ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱት።

*ባትሪውን አንሡት።* የ100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ የ70ው ከ20 ኪሎ ያልፋል። በአንድ እጅ ብድግ የሚል "100" እርሳሱ የለበትም። የመኪና ባትሪም አትግዙ። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ለአፍታ ብዙ ኃይል ለመስጠት ነው። ማታ ማታ ቀስ እያለ ሲወርድ በጥቂት ወራት ያልቃል።

*ኮንትሮለሩ* የባትሪ ዓይነት መምረጫ እንዳለው እዩ። "ኤምፒፒቲ" (ከፓኔሉ የበለጠ ኃይል የሚያወጣው የኮንትሮለር ዓይነት) ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ኤምፒፒቲ አይደለም። እውነተኛው ከበድ ያለና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለአንድ 100 ዋት ፓኔል ፒደብልዩኤም የሚባለው ተራው ዓይነት ይበቃል።

ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ዕቃ) አትግዙ። ምንም ሳይሠራ ብቻውን በልቶ ያድራል። የ12 ቮልት አምፖልና የ12 ቮልት ቴሌቪዥን ፈልጉ።

3. ቦታ ምረጡ

አቅጣጫው ደቡብ ነው። ኮምፓስ አያስፈልግም። ለጸሎት እንደምትቆሙት ወደ ምሥራቅ ዙሩ፤ ቀኝ እጃችሁ ያለበት ደቡብ ነው።

ጥላውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እኩለ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩ። የሴሎቹ (ፓኔሉ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ክፍሎች) መስመር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ከተጋረደ የፓኔሉ ኃይል በግማሽ ሊወርድ ይችላል። የኛ አገር ዋናው ጠላት ባሕር ዛፍ ነው። 10 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 7 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ዛሬ የማይደርስ ችግኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል፤ ያንንም አስቡ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ በስተሰሜን ያለውን ዛፍም አትርሱ።

4. ፓኔሉን ስቀሉ

ሀ) ቆርቆሮው ጤዛ ወይም ዝናብ ካለበት አትውጡ። ስትረግጡ ሚስማሩ በተመታበት መስመር ላይ ርገጡ፤ ሥሩ እንጨት አለ። ሌላ ሰው መሰላሉን ይያዝላችሁ።

ለ) የፓኔሉን መቆሚያ ከሥር ካለው እንጨት ጋር በቡሎን እሰሩ። ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከታሰረ የመጋቢት ነፋስ ይነቅለዋል። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የላስቲክ ሮንዴላ (ዋሸር) አድርጉ፣ አለዚያ ክረምት ላይ ያፈሳል።

ሐ) ከቆርቆሮው በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ነፋስ ሲገባበት ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ፓኔል የበለጠ ይሰጣል።

መ) ተዳፋቱ ትንሽ ነው። ፓኔሉ 1 ሜትር ቁመት ካለው የሰሜን ጠርዙ ከደቡቡ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚህ በላይ ካቆማችሁት የሐምሌን ፀሐይ ታጣላችሁ። ጭራሽ ካስተኛችሁት ደግሞ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም።

ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ ጣሪያው ላይ አትስቀሉ። ግቢ ውስጥ የብረት ምሰሶ 60 ሳንቲ ሜትር ቀብራችሁ በሲሚንቶ አቁሙ። ከብት ገላውን እንዳያክበት፣ ልጅ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጉት። የቡሎኑን ጫፍ ዳዶው ከገባ በኋላ በመዶሻ ቀጥቅጡት፤ ሌባ በቀላሉ አይፈታውም።

ለመብረቅ፦ የፓኔሉን ፍሬም በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አያይዙ። ቀጥታ የሚመታ መብረቅን አይመልስም፤ በአቅራቢያ የሚወድቀውን ጉዳት ግን ይቀንሳል። ነጎድጓድ ሲጀምር ሽቦና ኮንትሮለር አትንኩ።

5. ለባትሪው ቤት ስጡት

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ማድ ቤት፣ ምድጃ አጠገብ፣ ኩራዝ ወይም ጧፍ የሚበራበት መደርደሪያ ሥር አይሆንም። አልጋ ሥርም አይሆንም። አየር በሚገባበት ጥግ፣ እንጨት ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡት። ክዳን ባለው ሣጥን ከሸፈናችሁት ከላይ ቀዳዳ ይኑረው።

አሲዱ ሲረጭ ወዲያው አይታይም። ጋቢያችሁ በሚቀጥለው እጥበት ወንፊት ሆኖ ይወጣል። ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

6. ሽቦውን ዘርጉ

ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር 10 ሜትር ከሆነ ባለ 4 ሽቦ (4 ካሬ ሚሊሜትር) ተጠቀሙ። ባለ 2.5 ከሆነ በመንገድ ላይ ወደ 0.8 ቮልት ይጠፋል። በክረምት ይቺ ትንሽ ቮልት ባትሪው የመሙላትና ያለመሙላት ጉዳይ ናት። የስፒከር ሽቦ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ለአምፖሎቹ ባለ 1.5፣ ለቴሌቪዥኑ ባለ 2.5 ይበቃል።

ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ። ቀለሙ አንድ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ናስትሮ ጠምጥሙ።

በተቻለ መጠን መሃል ላይ አትቀጥሉ። ግድ ከሆነ በሽቦ መቀጠያ ብሎን አጥብቁና ናስትሮ ጠቅልሉ። ፌስታል ናስትሮ አይደለም። ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ለቀቅ አድርጋችሁ አውርዱትና መልሳችሁ ወደ ላይ አስገቡት። ዝናቡ እዚያ መታጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ኮንትሮለሩ ላይ አይወርድም።

ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የ15 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ ሲነካኩ ሽቦው እንደ ፍም ግሎ ይቀላል፤ ቤቱ የእንጨት ነው።

የሶላሩን መስመር ከመብራት ኃይል መስመር ጋር በምንም መንገድ አታገናኙ። ሁለቱም ካላችሁ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያቸው ለየብቻ ይሁን።

7. የማገናኘት ቅደም ተከተል

ይህን አትገለብጡ።

1. ፓኔሉን በጋቢ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፉ። ፊውዙን አውጡ።
2. ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኙ። በቴስተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አረጋግጡ። ከዚያ ፊውዙን አስገቡ። ስክሪኑ ይበራል፣ 12 ቮልት አካባቢ ያሳያል።
3. የባትሪውን ዓይነት ምረጡ፦ ውሃ የሚጨመርበት፣ ጄል ወይም ሊትየም። ሳይመርጡ ማለፍ ባትሪ ያቃጥላል ወይም ያስርባል።
4. የፓኔሉን ሽቦ አስገቡ። ጋቢውን ግለጡ። የመሙላት ምልክቱ መታየት አለበት።
5. በመጨረሻ አምፖሎቹን ኮንትሮለሩ ላይ የአምፖል ምልክት ባለበት ቦታ አገናኙ።

ስትፈቱ በተቃራኒው ነው፦ አምፖል፣ ፓኔል፣ ባትሪ። ባትሪ ሳይኖር ፓኔል ከተሰካ 20 ቮልቱ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ስክሪኑ ካልበራ፦ ፊውዙን ለኩ፣ የባትሪውን ጫፍ አጥብቁ። ብልጭ ብሎ ጭስ ከሸተተ ፊውዙን ወዲያው ንቀሉ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጧል።

8. የመጀመሪያው ሳምንት

ሁለት ፀሐያማ ቀን ምንም ሳታበሩ አስሞሉት። ቤተሰቡ ይቸኩላል፤ አታብሩ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትነካው፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ቮልቱን ለክታችሁ ኮንትሮለሩ አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ጻፉ።

- 12.7 ገደማ፦ ሙሉ ነው
- 12.4፦ ደህና ነው
- 12.2፦ ግማሽ ላይ ነው፣ ቀንሱ
- ከ12.0 በታች፦ እየጎዳችሁት ነው

ይህ ለእርሳስ ባትሪ ብቻ ነው። ሊትየም ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ በቮልት አይነበብም።

9. የክረምት ሥርዓት

ከሰኔ ጀምሮ ስልክ የሚሞላው በቀን ብቻ ይሁን፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ። ያኔ ኃይሉ ከፓኔሉ ይመጣል፤ ባትሪው ለማታ ይቆያል።

ጠዋት ላይ ሁለት ቀን ተከታትሎ 12.2 ካያችሁ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አቁሙ። ልጆቹ ያዝናሉ፣ እውነት ነው፤ ግን የሚያጠኑበት አምፖል 7 ዋት ብቻ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። አሁንም ከወረደ ቀጥላችሁ የበረቱን አምፖል አጥፉ።

ኮንትሮለሩ መብራቱን ከቆረጠ ባትሪውን እያዳነላችሁ ነው። በዚያች ማታ ሽቦውን ነቅላችሁ ቀጥታ ባትሪው ላይ አትሰኩ። ያቺን ማታ በጧፍ እደሩ።

ለአንድ ሳምንት 12.4 ካልደረሰ ባትሪውን መብራት ወዳለበት ከተማ ወስዳችሁ ባትሪ የሚሞላ ገራዥ ውስጥ አስሞሉት። "ቀስ ብሎ ይሙላ" በሉ፦ ለ70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከ7 አምፔር አይለፍ። በችኮላ ከፍ ባለ አምፔር የሞላ ባትሪ ይፈላል።

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ በየወሩ ክፈቱት። ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከውሃው በላይ ከታዩ የባትሪ ውሃ ጨምሩ። የጉድጓድ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ አሲድም አይጨመርም።

በጋ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የጤፍ ውቂያ ሲደርስ የአውድማው ገለባና አቧራ ፓኔሉ ላይ ይተኛል። በማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በአሸዋ አትሹት።

ሲበላሽ

*ፀሐይ አለ፣ አይሞላም።* የፓኔሉን ሽቦ ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ ለኩ። 20 ካሳየ ሽቦው አልተቆረጠም፤ ኮንትሮለሩን ጠርጥሩ። 0 ካሳየ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ አይጥም ሊሆን ይችላል፤ ከጣሪያ ጀምራችሁ ፈልጉ። 10 ወይም 11 ካሳየ የፓኔሉ ግማሽ አይሠራም። መጀመሪያ ጥላ እዩ፣ ከዚያ ከጀርባው ያለውን ሣጥን ክፈቱ።

*ቀን ሙሉ ነው ይላል፣ ማታ በአንድ ሰዓት ያልቃል።* ባትሪው አርጅቷል። አንድ 7 ዋት አምፖል ብቻ አብሩና ቮልቱን እዩ። በደቂቃዎች ውስጥ ከ12 በታች ከወረደ የሚድን አይደለም። አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የ1ኛውን ደረጃ ወረቀት እንደገና ቁጠሩ፤ ከተዘረጋ በኋላ ቤቱ ውስጥ የገባ ነገር አለ።

*የባትሪው ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አወጣ።* ፊውዙን ንቀሉ፣ ጓንት አድርጉ። ሞቅ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ። አድርቁ፣ አጥብቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ።

*አምፖሎቹ ደብዘዝ ይላሉ፣ ባትሪው ግን 12.6 ነው።* አምፖሉ በርቶ ሳለ አምፖሉ ጋ ያለውን ቮልት ለኩ። ከባትሪው ከ0.5 በላይ ካነሰ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። ሽቦውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ሂዱ። የሞቀው ቦታ እሱ ነው። የአጎቴ ቤት የተገኘውም እንዲሁ ነበር። ሽቦውን በባለ 4 ቀየርንለት፣ አምፖሎቹን ወደ ኮንትሮለሩ መለስናቸው፣ አዲስ የ70 ባትሪ ገባ። የዘንድሮ ሐምሌ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛው ቁጥር 12.3 ነው።